ከዜማው ሥር

ከማጫወቻው የሚወጣው ሙዚቃ ወደ ዝግተኛው ክፍል ሲገባ አያትየው እጃቸውን አነሱ። «አሁን ዝም በሉ! ልጄ ልትገባ ነው።»

ቫዮሊኖቹ እንደ ጉም ቀስ ብለው ተበተኑና ከመሃላቸው አንዲት ፍሉት ብቻዋን ወጣች። ጭራሮ ከጓደኛዋ፣ ከአያትየው የልጅ ልጅ፣ ጎን ተቀምጣ ታዳምጣለች። ጭራሮ በቅጥነቷ የወጣላት ስም ነው። አልበሙ ላይ ያችን ፍሉት የነፋችው ግን እሷ ራሷ ነበረች።

የወጣቶቹ ኦርኬስትራ ሲምፎኒውን በቀረጸበት ዕለት ይህን ዜማ መንፋት የነበረባት ጓደኛዋ ነበረች። ማይክሮፎኑን ስታይ ግን ከንፈሯ ደረቀ፤ ብትሞክር ብትሞክር እምቢ አላት። መሪው ለእሷና ሁለተኛ ፍሉት ለምትነፋው ለጭራሮ «በሉ ቦታ ተቀያየሩ» አላቸው። ጭራሮ ዓይኗን ጨፍና ነፋች። አዳራሹም፣ ወንበሩም፣ ሰዉም ጠፍቶ ለብ ባለ ውሃ ላይ በጀርባዋ የምትንሳፈፍ መሰላት። የአልበሙ ሽፋን ግን አስቀድሞ ታትሞ ስለነበር የጓደኛዋ ስም እንደወጣ ቀረ። ጓደኛዋም ለአያቷ እውነቱን አልነገረችም።

አያትየው ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከመስኮቱ ሥር አይነሱም። ቀኑን ሙሉ ይቺኑ ዜማ ያስደግማሉ።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አሉ ወደ ጭራሮ ዞረው። «አንጀት አታርስም እንዴ የኔ ልጅ?»

እውነቱ የጭራሮ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጓደኛዋ አንገቷን ደፍታ ምንጣፉን ታያለች።

«ዜማው ያምራል፣ አባባ» አለች ጭራሮ።

«ከልምምድ አይደል የመጣችሁት? በሉ እስቲ ፍሉታችሁን አውጡና እዚሁ አሰሙኝ።»

ጓደኛዋ ጭራሮን እጇን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። «ጭራሮዬ፣ በናትሽ አንቺ ንፊው! አያይም፤ አይባንንም።»

«አያዩም እንጂ ይሰማሉ።»

«ልታጋልጪኝ ነው?»

ጭራሮ ተመልሳ ገባችና ፍሉቷን ገጣጥማ ከአያትየው ፊት ተቀመጠች። ጓደኛዋም እግሯን እየጎተተች መጥታ ፍሉቷን ይዛ አጠገቧ ቁጭ አለች።

ጭራሮ ጀመረች፤ ዜማውን ግን አልነበረም። የነፋችው ከሥሩ የሚሄደውን ዝቅ ያለውን የሁለተኛ ፍሉት ድርሻ ነበር። ዋናው ዜማ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ክፍት ተወችውና ወደ ጓደኛዋ ዞራ አንዷን ድምፅ ብቻ ይዛ ጠበቀቻት።

ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ የሚንቀጠቀጥ የጓደኛዋ ፍሉት ገባ። አንዴ ተሰበረና እንደገና ተነሳ።

አያትየው ከወንበራቸው ወደፊት ዘንበል አሉ። «ይሄኛው ድምፅ ከአልበሙ ሌላ ነው» አሉ በለሆሳስ። ከዚያ ፈጠን ብለው፣ «እንዳታቋርጡ!»

ጭራሮ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።