የጎደለው አንቀልባ

«ያርጋል ጅባራ ወድቆበት ሞተ» የሚለው ወሬ ደባርቅን ካዳረሰ በኋላ ነበር ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ ከከተማው ዳር ካለው አሮጌ የእህል መጋዘን የደረሰችው። ያርጋል በደረቱ ተደፍቶ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል፤ አንድ ረጅም የደረቀ የጅባራ ግንድ ትከሻው ላይ ተጋድሟል።

በዙሪያው ሌሎች ግንዶች እንደ ሰው ቆመዋል። በየግንዱ ላይ፣ በሰው ደረት ልክ፣ አንድ አንድ አሮጌ አንቀልባ ተንጠልጥሏል፤ ሕፃን በሚታዘልበት ስፍራ አፈር ተሞልቷል። መሀል ላይ ጭቃው ያልደረቀ ክብ ጎጆ አለ። ይህን ሁሉ ያሰናዳችው ከአዲስ አበባ የመጣችው ሠዓሊ የትናየት ናት፤ ያርጋል ዕቃ ያሰባስብላት ነበር። «ኢንስታሌሽን ይባላል፤ ዕቃ በቦታ ተሰናድቶ የሚታይ ጥበብ ነው» እያለች ለከተማው ሰው ስታስረዳ ከርማለች። እሷ እንደምትለው፣ ጅባራ የተባለው የደጋ ተክል በዕድሜው አንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን በትኖ ይሞታል፤ እናትም እንደዚያው ናት፤ አፈሩ ደግሞ ለፓርኩ ሲባል ከተራራው መንደሮች የተነሡ እናቶች የተዉት ደጅ ነው። ትርዒቱ የሚከፈተው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር» አለ ረዳቷ ሀብተ ሚካኤል፤ የቆላ ልጅ ነው፣ ወደ ደጋ ከመጣ ገና ብዙም አልቆየም። «ግንዱ አናቱን መትቶታል።»

ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብላ ግንዱን በአንድ እጇ ብድግ አደረገችና አቀበለችው። ሀብተ ሚካኤል ከባድ ሊይዝ ተዘጋጅቶ ስለነበር ወደ ኋላ ተንገዳገደ።

«ባዶ ነው!»

«የደረቀ ጅባራ ውስጡ ክፍት ነው። ይህ ሰው ከገደለ ነጠላም ይገድላል። ያርጋል ሲወድቅ ስለተደገፈው ግንዱም አብሮት ወደቀ እንጂ ያርጋልን የጣለው ግንዱ አይደለም።»

ተንበርክካ ቁስሉን አየች። ከጆሮው በላይ ሰፋ ብሎ አብጧል፤ ቆዳው ግን አልተሰነጠቀም። የድንጋይም የዱላም ምት አይመስልም። ፀጉሩን ስትገልጥ ጣቷ ላይ ቀይ አፈር ቀረ። በየአንቀልባው ያለውን ዞራ አየች፤ ሁሉም ጥቁር ነው። ከዚያ ወደ ወደቀው ግንድ ተመለሰች። አንቀልባ የሚሰቀልበት ምስማር ባዶ ነበር።

የትናየትን ከበሩ ውጪ አገኘቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ትናንት ከያርጋል ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ። ከየመንደሩ አንቀልባ የሰበሰበልኝ እሱ ነው። አንዳንዶቹን እናቶቹን ሳያስፈቅድ እንደወሰደ ሰማሁና ጮህኩበት። ዛሬ ግን ገና አላየሁትም ነበር፤ ሆቴል ነው ያደርኩት፣ ሲጠሩኝ ነው የመጣሁት።»

«አንድ አንቀልባ ጎድሏል።»

«የትኛው?» ብላ ሮጠች። ባዶውን ምስማር ስታይ ቆመች። «ቀይ አፈር የነበረበት ነው። የሌሎቹን አፈር ከየባለቤቶቹ ደጅ አብረን ቆፈርን፤ ይህን ግን ትናንት ማምሻውን ራሱ ሞልቶ አመጣው። ባለቤቷ ሞታለች አለኝ።» ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻት። ጠርዙ በዛጎል የተጌጠ ነው፤ ማዘያው ላይ በቀይ ክር ትንሽ መስቀል ተሰፍቶበታል።

ማንጠግቦሽ የዳባት ልጅ ናት፤ የያርጋልንም ቤት ታውቀዋለች። ከዳባት በታች ካለ ቀይ አፈር ላይ ነው የተሠራው።

ዘበኛው ገዱ የቀድሞ የፓርክ ጥበቃ ስካውት ነው። ሬሳውን መጀመሪያ ያየው እሱ ነበር።

«በሩን ለቀው ወጥተው ነበር?»

«ለምን እዋሻለሁ። ብርዱ ቢጠናብኝ አንዲት መለኪያ ልቀምስ ወጣ አልሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ሲወጡ ማን ነበር?»

«ያርጋል ነበር። ጤናዬም ጎጆውን ትመርጋለች። ደርቤ በጓሮ በር ግንድ ከበቅሎ ያራግፋል።»

«አንድ አንቀልባ ጎድሏል።»

«የቱ?» አለ ገዱ ክው ብሎ። «የባለቤቴም እዚያ አለ እኮ!»

በቅሎ ጫኙ ደርቤ በቁጣ ነበር የጠበቃት። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ያርጋልን በጩቤ ሊወጋው ሲል ሰው እንደገላገላቸው የማያውቅ የለም።

«ይጠሉት ነበር?»

«እንዴት አልጠላው? ደርግ በወደቀ በዓመቱ ባለቤቴ እሌኒ የታመመች ሕፃን ልጃችንን አዝላ ከበየዳ ወደ ደባርቅ ሐኪም ቤት ስትመጣ ከእሱ የነጋዴ ቅፍለት ጋር ነበረች። እሱ ደባርቅ ገባ፤ እሷ ቀረች። ‹ከገደሉ አፋፍ፣ ሳንቃ በር ላይ፣ ከሌላ መንገደኛ ጋር ሄደች› አለ። ገደሉን ስቧጥጥ ከረምሁ። ምስክር የለ፣ ሬሳ የለ። የምገድለው ብሆን ያኔ ነበር።»

«አንድ አንቀልባ ጎድሏል።»

«የትኛው? እኔ ግንዱን በር ላይ አስረክባለሁ እንጂ ውስጡን አላየሁም።»

በመጨረሻ ወይዘሮ ጤናዬ ዘንድ ሄደች። የእሌኒ እናት ናቸው፤ ጎጆውን እንዲመርጉ ተቀጥረው ከርመዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ድካማቸው ያስታውቃል፤ ነገር ግን ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ አልተደገፉም። ወደ ፊት ዘንበል ብለው ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ።

«እማማ ጤናዬ፣ ያርጋል ሲሞት የት ነበሩ?»

«ጭድ ላመጣ ወጥቼ ነበር፣ ልጄ።»

«አንድ አንቀልባ ጎድሏል።»

«ይጉደል። አንቀልባ የሕፃን ነው፤ የአፈር አይደለም።»

ማንጠግቦሽ ወደ መጋዘኑ ተመልሳ፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን የሠዓሊዋን ካሜራ አልፋ፣ ወደ ጎጆው ገባች። ምርጊቱን በመዳፏ ዳበሰችው። ከበሩ ጎን፣ ገና እርጥብ በሆነው ጥቁር ጭቃ ውስጥ፣ ቀይ አፈር ተለውሶ ነበር።

«ደርቤን እንያዘው» አለ ሀብተ ሚካኤል። «ቂም አለው፣ ጉልበትም አለው።»

«ሁሉንም ጥራቸው» አለችው።

በጅባራዎቹ መካከል ተሰበሰቡ። ማንጠግቦሽ ከአንዱ ግንድ አፈር የሞላ አንቀልባ አወረደች፤ ሁለቱን ማዘያዎች ጨብጣ አንዴ አሽከረከረችና ባዶ የእህል ጆንያ ክምር ላይ አሳረፈችው። ክምሩ ተደረመሰ። የትናየት ጮኸች።

«ያርጋል የተመታው በዚህ ነው። ለዚህ ነው ቁስሉ የሰፋው፣ ቆዳው ያልተቀደደው፣ ፀጉሩ ውስጥ አፈር የቀረው። እንዲህ ሲወነጨፍ ክብደቱ አፈሩ ነው፤ የደከመ ክንድም ይበቃዋል። ስለዚህ ጉልበተኛ መፈለግ ተውኩ። የመታው ሰው አንቀልባውን ለምን ይዞት ሄደ? የሠዓሊዋ ካሜራ ጎጆው ደጃፍ ላይ አለ፤ ማንም አልነካውም። ስለዚህ ሌባ አይደለም። ለወሰደው ሰው ያ አሮጌ ቆዳ ከካሜራ በላይ ነበር። አፈሩም ከያርጋል ደጅ ነው፤ አንቀልባው የሟች ንብረት ሳይሆን ከገዛ ቤቱ የወጣ ነው።»

ደርቤ ቀና አለ።

«አንድ አንቀልባ ጎድሏል ስል የትናየት የትኛው አለች። አቶ ገዱም፣ አቶ ደርቤም እንደዚያው። የትኛው ብለው ያልጠየቁኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ያውቁታልና። የፈሰሰውን ቀይ አፈር ጠርገው ከጭቃ ጋር ለውሰው መረጉት። ከዚያም ደክሟቸው ሳለ ግድግዳ ሳይደገፉ ተቀመጡ። ሕፃን ያዘለች ሴት ጀርባዋን አትደገፍም።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ጋቢዎን ያውርዱ።»

ወይዘሮ ጤናዬ አልተከራከሩም። ጋቢው ከትከሻቸው ወረደ። ባዶው አንቀልባ ጀርባቸው ላይ ታስሮ ነበር፤ ቀዩ መስቀል ደረታቸው ላይ ታየ።

«በእጄ የሰፋሁት ነው» አሉ። «ያርጋል ወንድ ነው፤ አንቀልባ ከአንቀልባ አይለይም። አንድ ጎድሎበት ከቤቱ አምጥቶ ሰቀለው። እኔ ዛሬ ጠዋት ከጎጆው ብቅ ስል አየሁት። ‹ከየት አመጣኸው?› አልሁት፤ ሳቀ። የእሌኒን ስም ስጠራ ሳቁ ቆመ። ‹አስቸገረችኝ፤ እምቢ አለች፤ ገፋ ባደርጋት ገደሉ ወሰዳት። የቆየ ነገር ነው፣ ምን ታመጫለሽ?› አለኝ። ምን እንደማመጣ አሳየሁት። ወንድ ልጅ የለኝም፤ የልጄን ደም ራሴ መለስሁ። ዛሬ ቢነሣ ዛሬም እደግመዋለሁ።»

ደርቤ ግንድ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ ኩራት የመሰለ ነገር ነበር።

ማንጠግቦሽ ግን አንቀልባውን እያየች ነበር።

«ገደሉ ወሰዳት ካለ፣ አንቀልባው እንዴት እሱ ቤት ተገኘ?»

ወይዘሮ ጤናዬ ማዘያውን በእጃቸው ዳበሱ።

«እማማ፣ ሌላ ያለው ነገር የለም?»

«‹ሕፃኗ ግን...› ብሎ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «የልጅ ልጄን በዚያ አፉ ሲያነሣት መስማት አልቻልሁም። ሳይጨርስ መታሁት።»

«እሌኒ ስትወድቅ አንቀልባው ጀርባዋ ላይ አልነበረም ማለት ነው» አለች ማንጠግቦሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሕፃኗም አልነበረችም።»

ደርቤ የያዘው ግንድ ወደቀ። ሄዶ አሮጊቷ እግር ሥር ተንበረከከ፤ ጋቢያቸውን ጨመደደ።

«ምን ሊል ነበር? እማማ፣ ሕፃኗ ግን ምን? ለማን ሰጣት? የት ጣላት?»

ወይዘሮ ጤናዬ ወደ ሬሳው ዞሩ። አፉ እንደተከፈተ ነበር።

ትርዒቱ በዚያ ቀን አልተከፈተም። የያርጋል ሚስት ስትጠየቅ አንቀልባውን ባሏ ከመንገድ ይዞት እንደመጣ፣ ልጆቿንም እንዳዘለችበት ተናገረች፤ ስለ ሕፃን ግን ሰምታ አታውቅም። ደርቤ በቅሎዎቹን ለወንድሙ ትቶ ከሳንቃ በር ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ፣ እናቷ የማትታወቅ፣ በማደጎ ስላደገች ሴት ይጠይቅ ጀመር። ሕፃኗ በሕይወት ካለች ዛሬ ራሷ እናት ሆናለች።

ወይዘሮ ጤናዬ ተፈረደባቸው። ማንጠግቦሽ አልፎ አልፎ ማረሚያ ቤት ትጠይቃቸዋለች። ስለ ይግባኛቸው ስታነሣላቸው አይሰሟትም። ገና ከበሩ ሲያዩዋት ተነሥተው ይቆማሉ።

«ተገኘች?»

«ገና ናት፣ እማማ።»

ይቀመጣሉ።