ሁለተኛው ረድፍ

«አፍሽ ቀደመ!» ፋና ቴፑን አቆመችው። «ዘፋኟ ሳትጀምር አንቺ ጨረስሽ። አጌን!»

ሳብሪያ ከማድረቂያው ትኩስ ፎጣ አወጣች። በአፓርታማው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፋና ያለፈውን ዓመት የኦሎምፒክ ቲሸርት ለብሳ፣ ቴፑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማሽን ላይ ተቀምጣለች።

«ፋና፣ ይሄን ዘፈን እኮ አላውቀውም።»

«ማወቅ ምን ያደርጋል? አፍሽን ብቻ ሙቭ አድርጊ። ቴፑ ይዘፍናል።»

«ታዲያ ለእንቁጣጣሹ አዘጋጆች ለምን የወሎ ዘፈን ታውቃለች ብለሽ ነገርሻቸው?»

«አባትሽ ጋሽ በሽር ወሎዬ አይደለም እንዴ? ወሎዬ ሆኖ የማይዘፍን አለ?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደሞ ለአንቺ ብዬ ነው። የሐበሻ ልጆቹ ‹አረቧ› ማለታቸውን እንዲተዉ።»

ሳብሪያ ፎጣውን አጠፈች። ሎስ አንጀለስ ከመጣች ወዲህ፣ ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ የምትቀመጠው ፋና ብቻ ናት።

ሳብሪያ ያደገችው ሳውዲ፣ ታቡክ ከተማ ዳርቻ ነው። አባቷ በቦቴ መኪና፣ ከግመሎቻቸው ጋር በረሃ ለበረሃ ለሚዘዋወሩት በደዊኖች ውሃ ያመላልስ ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን እሷም አብራው ትሄዳለች። ውሃው እስኪራገፍ አንድ ሽማግሌ ረባባውን ያወጣል፤ እንደ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው ረድፍ እያጨበጨበ ስንኝ ያወጣል፤ ሁለተኛው ያንኑ ይመልሳል። አንድ ቀን ሳብሪያ እንድታወጣ ፈቀዱላት። ቸኩላ ወደሚቀጥለው ስንኝ ስትሻገር፣ ኡም ሳሊም የሚሏት ሴት እጇን ያዝ አደረገቻት።

«ያልተመለሰ ስንኝ ሜዳ ላይ ጥለሽ አትሂጂ» አለቻት።

እዚህ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንዳንዴ ያንን ዘፈን ትጀምረዋለች። አንድ ስንኝ ታወጣና ታቆማለች።

«ሌላ ዘፈን አውቃለሁ» አለች ለፋና። «የበደዊኖች። የምለውን ብቻ መልሽልኝ።» አጨበጨበችና ስንኟን አወጣች።

ፋና ከማሽኑ ላይ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ! ለእንቁጣጣሽ የግመል ዘፈን? ሳብሪ፣ ፕሊስ! በእኔም እኮ ነው የሚስቁት።»

«አንድ ጊዜ ብቻ መልሽ።»

«አልመልስም!» ሳቋ ጠፋ። «እዚያ ይሄን ከዘፈንሽ አላውቅሽም። ኦኬ?»

እሑድ ከሰዓት፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ለእንቁጣጣሽ የተከራዩት አዳራሽ ጢም ብሏል። ጋሽ በሽር በቀጥታ ከሥራ መጥቶ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዝግጅቱን የሚመሩት እትዬ ሸዋረጋ ማይኩን ይዘው «የወሎዋ ልጃችን!» ሲሉ እልልታው ቀለጠ። ከፊት ከተቀመጡት ልጆች አንዱ «አረቧ!» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ፋና ከመድረኩ ጎን ሆና ቴፑን ከፈተችው። ዘፈኑ ጀመረ። የሳብሪያ አፍ ግን አልተከፈተም።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሳብሪያ ወደ ቴፑ ሄደች።

«ምን ሆነሻል?» ፋና በሹክሹክታ ጮኸችባት። «ተመለሺ!»

ሳብሪያ እጇን ዘርግታ ቴፑን አጠፋችው። ወደ ማይኩ ተመለሰች።

«እኔ የወሎ ዘፈን አላውቅም» አለች። «የማውቀውን ልዝፈን?»

እትዬ ሸዋረጋ ግራ ገብቷቸው «እስቲ በይ፣ ልጄ» አሉ።

አጨበጨበች። ስንኟን አወጣች፤ ድምጿ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ስንኙን ጨርሳ ቆመች። ማንም አልመለሰም። አንድ ወንበር ተንቋቋ። ከፊት ያሉት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቷ ኮፍያውን አውልቆ ያያታል፤ እሱ እነዚያን ረድፎች ሁልጊዜ ከቦቴው ጋቢና ሆኖ ነበር የሚያያቸው።

የሚቀጥለው ስንኝ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል። ወደ ፋና አልዞረችም። የመጀመሪያውን ስንኝ ደግማ አወጣችው፤ ከዚያ አፏን ዘግታ፣ ጭብጨባዋን ሳታቆም፣ ሁለተኛው ረድፍ ሊቆም የሚገባበትን ቦታ እያየች ጠበቀች።