በግድግዳው ላይ ያልነበረው አበባ

«መብራቱ በየት በኩል ነው?» አሉ ሐኪሟ።

ጭራሮ በግምት ወደ ቀኝ ጠቆመች። እናቷ ግን ከኋላዋ «ተመስገን!» ስትል ሰማች።

ሕመም የዓይኗን ብርሃን ከወሰደው ስምንት ወሩ ነው። ቅጥነቷን አይተው ጭራሮ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ እየመጡ ይጠይቋት ነበር፤ አሁን ድምፃቸው ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት፣ ምሳ እየበሉ፣ «እማ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ አበባ አለ» አለች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ እየሳቀችም እያለቀሰችም ጥምጥም አለችባት። ያን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ወዲያው ዓይኗን ብትጨፍን አበባው አልጠፋም። ይህን ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሐኪሟ እናቷን ካርድ አምጪ ብለው ላኳትና ወንበራቸውን አስጠጉ።

«እናትሽ የነገረችኝ አበባ ዓይንሽን ስትጨፍኚም ይታይሻል?»

«አዎ። ነካ እያረገኝ ነው እንዴ?»

«በጭራሽ! አእምሮሽ ውስጥ ለማየት የተመደበ ሰፊ ቦታ አለ። ከዓይን ወሬ ሲቀርበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ከራሱ ይስላል። ስንቱ ይታየዋል መሰለሽ፤ አበደ እንዳይባል ይደብቃል እንጂ። ብሬል ማንበብ ስትለምጂ ደግሞ ያው ቦታ ጣትሽን ማገዝ ይጀምራል።»

«ዓይኔስ?»

«አይመለስም፣ ልጄ። ለእናትሽ እኔ ልንገራት?»

«አይ። እኔ እነግራታለሁ።»

ታክሲ ውስጥ አልነገረቻትም። ቤት ሲደርሱም አልነገረቻትም። እናቷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልክ መደወል ጀመረች።

«ለማን ነው?»

«ለብሬል ትምህርት ቤቱ። ሰኞ ትጀምራለች ብያቸው አልነበር? ቦታውን ለሌላ ልጅ ስጡት ልላቸው ነው። አንቺ ወደ ድሮ ክፍልሽ ትመለሻለሽ።»

ጭራሮ ያ ክፍል ድቅን አለባት፤ ሰሌዳው ፊት ተቀምጣ ያላየችውን «አየሁ» ስትል፣ ዛሬም፣ ነገም። ስልኩ ይጠራል። ድምፁን ተከትላ እጇን ዘረጋችና ከእናቷ እጅ ወሰደችው።

«ሀሎ?» አለች አንዲት ሴት።

«ሰኞ የምጀምረው ተማሪ ነኝ። ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«ሁለት ተኩል። ትንሽም ቢሆን ታያለሽ፣ የኔ እመቤት?»

«አይ» አለች ጭራሮ። «ምንም አላይም። የሚታየኝ ነገር አለ፤ ግን አእምሮዬ የሚስለው ነው።»

ከጎኗ ወንበር ተጎተተ። እናቷ ተቀመጠች።

ጭራሮ ይቅርታውን ለኋላ አቆይታ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ ያዘችው።

«መንገዱን ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለች። «በቃሌ ልይዘው ነው።»