የተጨመረችው ዓይን

ሠዓሊው ማረው በገዛ ሥራው አጠገብ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የልብስ መቀስ አንገቱ ውስጥ እስከ እጀታው ገብቷል፤ ለጥምቀት ይደርሳል የተባለው ነጭ ቀሚስም ደም ተረጭቶበታል። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው።

ሃምሳ አለቃ አያልነህ ሲደርስ የወረታ ሰው ሬሳውን ትቶ ሴቲቱን ይዟል። ልብስ ሰፊዋን አማከለችን ከደጃፉ ጎትተው በከብት ዱላ ያወርዱባታል።

«መቀሱ የእሷ አይደለም? ምን ምስክር ያሻል!» ይጮኻል አንዱ።

አያልነህ ቁመቱ አጭር ነው፤ ቁጣው ግን የትየለሌ። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ።

«ከእንግዲህ ዱላ ያነሣ፣ ሁለተኛዋ ጥይት የእሱ ናት!»

ሰዉ ወደ ኋላ አለ። አማከለች ከንፈሯ ተተርትሮ፣ የወለቀ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ ተነሣች። «ቆይ ብቻ! እስር ቤቱን ሰብረንም ቢሆን እናወጣታለን» አለ ከኋላ ሌላው። ዛቻው የምር እንደ ሆነ አያልነህ አላጣውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እውነተኛውን ገዳይ ካላገኘ፣ ይህች ሴት ነገን አታይም።

ኧረ ለመሆኑ እሷና ማረው ምን አገናኛቸው? ማረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ተምሮ፣ አዲስ አበባ ዘልቆ ዘመናዊውን ጨምሮበት የተመለሰ ልጅ ነበር። አማከለች ቀሚስ ትሰፋለች፣ ትጠልፋለች። እሱ በጠርዙ ላይ በቀለም ይሥላል፤ እሷ በክር ትከተለዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ፤ ጎንደር ድረስ ስማቸው ተጠራ።

አያልነህ ቀሚሱ ላይ አጎነበሰ። የፎገራ ሜዳ ጠርዙን ይዞራል፤ የክረምት ጎርፍ፣ ከብት የሚያሻግሩ ገበሬዎች፣ ነጠላቸውን የሰበሰቡ ሴቶች። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ በሬ ይነዳል፤ ከኋላው ከጎርፉ ውስጥ የሰመጠ ሰው እጅ ብቻ ወጥቷል። በበሬ ነጂው ፊት ላይ፣ ከዓይኑ ጠርዝ፣ የደም ጠብታ አለች። አያልነህ በጥፍሩ ጫፍ ነካ አደረጋት።

መጀመሪያ አያ አበረን አስጠራ። አበረ የማረው አባት በጎርፍ ከሞተ ጀምሮ ልጁን ያሳደገ፣ ቤቱንም የሰጠው ባለጸጋ ነው። ደረቱን እየደቃ ገባ።

«ልጄን! ጠዋት አብሬው ነበርኩ እኮ! በአራት ሰዓት ስለየው ደኅና ነበር። ያንን የመጨረሻውን ሰውዬ ዓይን እየሣለ ነበር። አንደኛዋን ጨርሶ ሁለተኛዋን ሲያበጅ፣ ‹አያ፣ አማረ?› አለኝ። ከእኔ በኋላ የገባችው እሷ ናት።»

«ሁለተኛዋን ሲሥል አይተዋል?»

«በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ!»

ቀጥሎ መሪጌታ መጡ። ትናንት ከማረው ጋር መጣላታቸውን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«አልክድም፤ በመቋሚያ መትቼዋለሁ» አሉ ሳይጠየቁ። «‹ሥዕል የመቅደስ ነው፤ በቀሚስ ጠርዝ ጭቃ ሊጠረግበት ነው?› አልኩት። ግን ብሩሽ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። በእኔ እጅ ያደገን ልጅ እገድላለሁ?» እንባቸው መጣ። ወዲያው ቀሚሱን አዩና ሐዘናቸውን ረስተው ተቆጡ። «ይህን ማን አበላሸው? ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ሁለት ዓይን? መልካም ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ይህን እኮ ጀማሪ ተማሪ አይስተውም!»

አማከለች መጨረሻ ገባች። የተተረተረ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ክር ልገዛ ገበያ ነበርኩ፤ ስድስት ሰዓት ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። መቀሴን እዚሁ ነው የማኖረው፤ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።»

«በቅርቡ የተለየ ነገር አልነገረሽም?»

«ባለፈው ወር ለወገቡ ሕመም ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄዶ ነበር። እዚያ አንድ ሽማግሌ በጣር ላይ ሆኖ ስለ አባቱ አሟሟት ነገረው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ‹ምንድን ነው?› ስለው፣ ‹የመጨረሻው ሰውዬ አንድ ዓይን ነው የሚኖረው። በጥምቀት ስትለብሽው ባለቤቱ ራሱን ያውቃል› አለኝ። ማን እንደ ሆነ ግን አልነገረኝም፤ እናቴን!»

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አያልነህ ሦስቱንም ሬሳው በነበረበት ክፍል አቆማቸው። ሰዉ በደጃፉ ተጨናንቋል፤ ዱላው አሁንም እጁ ላይ ነው።

«የዚህን ሰውዬ ዓይኖች እዩ» አለ ቀሚሱን ዘርግቶ። «የአንደኛዋ መስመር እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ የማረው እጅ ነው። የሁለተኛዋ ወፍራም ነው። መሪጌታ እንዳሉት ሁለተኛ ዓይን ለዚህ ፊት አትገባም፤ ማረውም ለአማከለች አንድ ዓይን ብሏታል። እንግዲህ ሌላ ሰው ጨመራት። መቼ? ጠጋ በሉ።» የጥቁሩን ቀለም ጠርዝ በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርግ ከሥሩ ቀይ ወጣ። «ደሙ ከታች፣ ቀለሙ ከላይ ነው። ይህች ዓይን ስትሣል ማረው አስቀድሞ አንገቱን ተወግቷል። የሞተ ሰው ሥዕል አይሥልም።»

በደጃፉ የቆመው ሰው ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«ነገር ግን ማረው በሕይወት ሳለ ይህችኑ ዓይን ሲሥል አየሁ ያለኝ አንድ ሰው አለ። ካልነበረው ነገር ምን አየ? በዚያ ሰዓት ማረው ደኅና ነበር እንድል፣ ከእሱ በኋላ የገባችውን ሴት እንድይዝ ፈልጎ ነው። ጨርቁን ቢያቃጥለው ‹ለምን?› እንላለን፤ ዓይን ቢጨምርበት ግን ክፉው ሰው መልካም ይሆናል፤ ማንም አይጠረጥርም። በሉ ንገሩኝ፤ በዚህ አገር ቦቃ በሬ የማን ነው?»

«የአያ አበረ!» አለ ከደጅ አንድ ሰው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

አበረ ጩቤውን ከወገቡ መዝዞ አማከለችን በፀጉሯ ጨበጣት። ጩቤው ጉሮሮዋን ሳይነካ አያልነህ በጠመንጃው ሰደፍ ክንዱን ደቃው፤ አጥንቱ ሲሰበር ደጅ ድረስ ተሰማ። ደግሞ መታው፤ አበረ ማረው በወደቀበት ቦታ ወደቀ።

«አብልቼ ያሳደግሁት!» ብሎ አጓራ። «አባቱን ስለ አንድ በሬ ጎርፍ ውስጥ ገፋሁት፤ እሺ! ልጁን ግን እንደ ልጄ አሳደግሁት። ለዚያ ሁሉ አንድ ዓይን? በታቦት ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት?»

ሰዉ ዱላውን ይዞ ሊገባ ገፋ። አያልነህ ደጃፉን በጠመንጃው ዘጋ።

«ቅድም በእሷ ተሳስታችኋል። ዛሬ በዚህ ቤት ሁለተኛ ሰው አይሞትም። ዞር በሉ!»

አበረ ከተፈረደበት በኋላ፣ በዓመቱ፣ ቀሚሱ ለአማከለች ተመለሰላት። ደሙ አልለቅ አለ፤ እሷም አልታገለችውም። የተጨመረችውን ዓይን ግን የፊቱን ቀለም በሚመስል ክር እየወጋች ሸፈነቻት። በጥምቀት ለበሰችው፤ በፊት ጥርሷ ክፍተት እልል አለች። ያን ቀን የደበደቧት ወንዶች ዓይናቸውን መሬት ተከሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው በሕዝቡ መካከል መጡና ጎንበስ ብለው ጠርዙን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አሁን ተስተካክሏል፤ ልጄ እንዲህ ነበር የሣለው» አሉ፤ እንባቸውም ጠርዙ ላይ ጠብ አለ።