ሃያ ሺህ ጂን

«ጠዋት ዋጪው፤ ሰባባ ነው፣ አሪፍ!» አለ የክፍል ጓደኛዋ ዶሮን፤ ነጩን ክኒን አቪታል መዳፍ ላይ አስቀምጦ። ሐኪም ለዶሮን ለራሱ ያዘዘለት የትኩረት መድኃኒት ነው። «ነገ የባዮሎጂ ባግሩት ፈተና ላይ አእምሮሽ ምላጭ ይሆናል።» ወደ ነቬ ሐይም ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ መጣና ዶሮን ዘሎ ገባ።

አቪታል ክኒኑን ኪሷ ከትታ ቤት ስትደርስ አያቷ አባባ ቢንያሚን በረንዳው ላይ ሱፍ ይቆረጥማሉ።

«ፈተናው ስለ ምንድን ነው ልጄ?»

«አነቃቂ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ የጂኖችን ሥራ እንዴት እንደሚቀይሩ ነው።»

አባባ የሱፉን ገለባ ተፉ። «ጂኒ? አንጎል ውስጥ?»

«ጂኒ አይደለም አባባ፣ ጂን! በየሴሉ ውስጥ አለ።»

«ስንት ይሆናል?»

«ሃያ ሺህ ያህል።»

«የእስራኤል አምላክ! ጎንደር ሙሉ ቢፈለግ ይህን ያህል አይገኝም። እኔም ላይ አለ?»

«እርስዎም ላይ።»

አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ዳበሱ።

አቪታል ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከመጀመሪያው አስረዳች። ጂን ለሴሉ ሥራውን የሚነግረው፣ ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ ነው። አነቃቂው ሲገባ ዶፓሚን የሚባለው መልእክተኛ ይበዛል፤ አንዳንዱ ጂን ይነቃል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ያለ ልክ ሲደጋገም ግን የነቃው ቶሎ አይተኛም፤ አንጎልም ያንኑ ነገር አምጡ ማለት ይለምዳል። ሁሉንም መጽሐፍ ሳትገልጥ ነበር የተናገረችው።

«ታዲያ ሐኪም ለምን ያዝዘዋል?»

«ለሚያስፈልገው ሰው፣ በልኩ ይጠቅማል። ሐኪሙም ይከታተለዋል።»

«የሌላ ሰው መድኃኒት የወሰደስ?»

«እሱማ... ልቡ ሊደልቅ ይችላል። እንቅልፍም ሊያጣ...» ድምጿ አነሰ።

«የሰጠው ሰውዬስ? የራሱን ሰጥቶ ምን ሊውጥ ነው?»

ይህን አላሰበችውም ነበር። ዶሮን አንድ ቀን መድኃኒቱን ረስቶ ሂሳብ ሲፈተን፣ የፈተና ወረቀቱ ላይ የመምህርት ኦርኒትን ውሻ ከነማሰሪያው ሥሎ ነበር ያስረከበው። ውሻውማ አምሮበታል።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። «ዶሮን፣ ለነገ ሌላ ክኒን አለህ?»

«...አልቋል። ግድ የለም፣ እኔ እንደምንም እሆናለሁ።»

አቪታል ክኒኑ ኪሷ ውስጥ መኖሩን አረጋግጣ ጫማዋን አጠለቀች፤ መጽሐፏንም ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«ወዴት ነው? ገና መች ገባኝ!» አሉ አባባ።

«ዶሮን ቤት ነው አባባ። እሱም ነገ ፈተና አለው።»