ባለቤት ያጣው ሃምሳ ሁለት ከመቶ

ጨረቃ ላይ ባለችው ወገግታ ጣቢያ ሰው ሲሞት በር ይዘጋል። ነዋሪው ሁሉ አዳራሽ ይገባና «አውጫጭኝ» ውጤቱን እስኪሰጥ ማንም አይወጣም። ስሙ ድሮ መንደርተኛው ተሰብስቦ ጥፋተኛን ከሚያወጣበት ሥርዓት የተወሰደ ነው፤ አሁን ሥራው የማሽን ሆኗል። ፍንጮችን ያነጻጽርና ከጥፋቱ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ ከመቶ ይደለድላል። ከግማሽ በላይ የደረሰው ወደ ምድር ይባረራል።

የዛሬው ሟች የአትክልት ቤቱ ሠራተኛ አቶ ሽብሩ ናቸው። የአየር ቧንቧው ቫልቭ ፈንድቶ ታፍነው ሞቱ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አስካለ ውጤቱን ስታይ ግራ ገባት። ቴክኒሻኑ ደምሰው አርባ፣ የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ኃይለየሱስ ስምንት። ሃምሳ ሁለቱ ግን ስም የለውም።

«የማሽኑ ብልሽት ነው በቃ» አለ ኮማንደሩ። «እንደዚያ ብለሽ ፈርሚና እንገላገል፤ ሰዉም ደክሞታል።»

ብልሽት ከተባለ ባዶው ድርሻ ትልቁን ቁጥር በያዘው ላይ ይደመራል። ደምሰው ተባረረ ማለት ነው። የአራት ዓመት ልጁ እዚሁ ጨረቃ ላይ ነው የተወለደችው፤ እግሮቿ የምድርን ክብደት አይችሉም። አባቷን ተከትላ መሄድ አትችልም።

አስካለ ግን ገና አላዘነችለትም። ማሽን የሚጠግን ሰው ስም መሰረዝ አያቅተውም ብላ ጠረጠረችው።

«ማሽኑን ነክተኸዋል?»

«ኧረ ልጄን! የጠዋቱን ፍተሻ ሳልሠራ ሠርቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ እሱን አልክድም። ሌላውን አላውቅም።»

አላመነችውም። የማሽኑን መዝገብ ከፍታ ብትፈትሽ፣ ማንም አልነካውም። ወደ ፍንጮቹ ሄደች። አውጫጭኝ ሁለት ቫልቮች ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ አንዱ የዛሬው፣ አንዱ አምና የፈነዳው። የሁለቱም ማሸጊያ ጎማ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ።

አምና ሰው አልሞተም። ኮማንደሩ «ቶሎ ጨርሺው» ሲላት ጎማውን ሳታይ አንዱን ሠራተኛ ቸልተኛ ብላ መዝገቡን ዘጋች። ያኔ አይታው ቢሆን ኖሮ የጣቢያው ቫልቮች በሙሉ ይቀየሩ ነበር። መርማሪዋ እሷ ነበረች።

የማሽኑን ደንብ አወጣች፤ የመጀመሪያው አንቀጽ «መርማሪ ተጠርጣሪ አይሆንም» ይላል። ልጅ ሳለች ስታነባቸው በነበሩት የወንጀል ታሪኮች ውስጥም መርማሪው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ የሚመጣ ንጹሕ ሰው ነበር። ይህን አንድም ቀን ጠርጥራው አታውቅም።

ደንቡን ከእሷ በቀር ያየ የለም። ብልሽት ብላ ብትፈርም ማንም አያውቅባትም። ቀና ስትል ደምሰው ዓይን ዓይኗን ያያል። ፈራች፤ አፈረችም። መታወቂያዋን ፈትታ ኮማንደሩ ፊት አስቀመጠች።

«ምርመራውን እርስዎ ይረከቡኝ።»

«ምን ነካሽ?»

«ይረከቡኝና ያዩታል።»

ኮማንደሩ አውራ ጣቱን ማሽኑ ላይ አሳረፈ፤ ሰንጠረዡ እንደገና ተጻፈ። አስካለ ሃምሳ ሁለት፣ ደምሰው አርባ። አዳራሹ በማጉረምረም ተሞላ። ደምሰው ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ።

ከታች፣ ስምንት የሚለው ቁጥር ስም የለውም።

«ኮማንደር» አለች አስካለ፣ «ያ መስመር የእርስዎ ነው።»

ኮማንደሩ መስመሩን አየው። ከዚያ ብልሽት ብሎ ፈረመ፤ ስምንቱም አስካለ ላይ ተደመረ።

አስካለ ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት። አምና መዝገቡን ስትዘጋ እሷም እንዲሁ ነበር የፈረመችው።