ቡችላውን የሚፈታው ማነው?

እኔ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሞተርና የተበጠሰ ሽቦ ሳሳድድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ «ቤታችን ውስጥ ኮሽታ አለ»፣ «ጥላ አየሁ»፣ ምናምን የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የቤቱ ሽቦ ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ነው። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ወሬ ስትጀምር ተነስቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እጨምራለሁ። አሁን የምነግራችሁንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ሻዬን ሳልጨርስ ነበር ጥዬው የምሄደው።

እማዬ የምትኖረው አቃቂ፣ አባዬ በገዛ እጁ በሠራው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። የእማዬን ዓይን ግፊት እየበላው መጥቶ አሁን የቀራት ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ስለሆነ ግቢዋ ውስጥ የምትንቀሳቀሰው ግድግዳ እየዳበሰች ነው፣ ያውም እኔ ሳያት «ምንም አልሆንኩም» ለማለት ፈጠን እያለች። ካቻምና ክረምት ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ግቢውን አቋርጦ የሚያልፈው የውሃ ቦይ ውስጥ ወድቃ እጇ ተሰበረ፣ ጎረቤት እስኪሰማት ድረስ ዝናቡ ሲወርድባት ቆየ። ከዚያ ወዲህ «እኛ ጋ ነይ» እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ «አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ እንደ ልብስ ልሰጣ?» ትለኛለች።

ባለፈው ሰኔ ላይ ሌባ አጥር ዘሎ የውሃ ፓምፗን ነቅሎ ሄደ። በቃ አልኩ፣ አሁንስ በቃ። እሷ ግን ረጋ ብላ «ውሻ አምጣልኝና እስከ መስቀል ጊዜ ስጠኝ» አለችኝ። «እስከዚያ ብቻዬን ካልቻልኩ ራሴ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ አፌን አልከፍትም።» እማዬ አፏን ሳትከፍት ስትኖር ማየት ራሱ ደስ ስለሚል ተስማማሁ። ደግሞም እንደማሸንፍ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ማህሌት የምትባል ወጣት ሴት የተጣሉ ውሾችን የምትሰበስብበት ግቢ እንዳለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገረኝና የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። ስገባ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ውሾች በአንድ ድምፅ ጮሁብኝ፣ አንዱ ብቻ አልጮኸም። ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ገና የሦስት ወር ተኩል ቡችላ ነው፣ እግሩ ግን የእኔን ጭብጥ ያህላል፣ ፊቱ ጥቁር፣ ገላው የገብስ ቆሎ መልክ አለው። ካንጋል የሚባል የቱርክ በግ ጠባቂ ዘር እንደሆነና እናቱን ያመጧት የውጭ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጥለዋት እንደሄዱ ማህሌት ነገረችኝ። «ሲያድግ ከእርስዎ ይከብዳል ጋሼ» አለችኝ። ገና አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ግን እሺ፣ ጋሼ ልሁን። ወረቀት አውጥታ አስፈረመችኝ፦ አላስርም፣ ጨለማ ውስጥ አላስቀምጥም፣ ሚጥሚጣ አላበላም። «ከሁለት ወር በኋላ መጥቼ አየዋለሁ» አለች። እሺ እሺ ብዬ ፈረምኩ።

በባጃጅ ነው ያመጣሁት። እስከ አቃቂ ድረስ ጭኔ ላይ ተጋድሞ አገጩን እጄ ላይ አሳረፈ፣ ሹፌሩ አንገቱን ወደ መሪው ቀብሮ «ወንድሜ ያዘው እንጂ!» ይላል፣ እኔ ደግሞ ሳላስበው ጆሮውን ሳሻሸው ደርሻለሁ። እማዬ በሁለት እጇ ፊቱን ዳበሰች፣ ጆሮውን፣ አፍንጫውን፣ እነዚያን ትልልቅ እግሮች፣ ከዚያ «ይሄማ ደራሽ ነው» አለች። ስሙ በዚያው ደራሽ ሆኖ ቀረ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። እኛ ሰፈር ውሻ ቀን ታስሮ ካልዋለ ሰው ይለምዳል፣ ሰው ከለመደ ደግሞ ለሌባም ጅራቱን ይቆላል ነው የሚባለው፣ እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸምሱ ደግሞ «ትንሽ ሚጥሚጣ በእንጀራ አድርገህ ስጠው፣ ኃይለኛ ይሆናል» ብለው መከሩኝ፣ እማዬ ከውስጥ ሰምታ «መጀመሪያ ሸምሱ ይቅመሰውና ኃይለኛ ሲሆን እንየው!» ስላለች ሚጥሚጣው ቀረ። ሰንሰለቱ ግን አልቀረም። ከማድ ቤቱ ጀርባ እንጨት የምናስቀምጥበት ጨለማ ጥግ ነበረ፣ እዚያ የብረት ምሰሶ ላይ ሰንሰለት በየድኩለት፣ ሌላውን ጫፍ ከአንገት ቀበቶው ጋር በጓጉንቸር ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ደራሽ አልጮኸም፣ አልታገለም፣ ዝም ብሎ አየኝ። ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ፈቃዴ እስኪያልቅ እዚያው እማዬ ጋ አድር ነበር። በመጀመሪያው ቀን አመሻሹ ላይ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በረንዳ ስወጣ ደራሽ እማዬ እግር ሥር ተኝቷል። ሄጄ ሳይ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ቀበቶው ዘለበቱ ውስጥ እንደገባ መሬት ላይ ወድቋል። አንገቱን አሹልኮ ነው አልኩ። በማግስቱ አጠበቅኩት፣ አንድ ጣት እንኳ በግድ ነው የሚገባው። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደራሽ በረንዳ ላይ ነው፣ ቀበቶው መሬት ላይ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የምትፈቺው?»

«እኔ? ዘለበት ይቅርና በሩንስ መቼ አገኘሁት?»

ጋሽ ሸምሱንም ጠየቅኳቸው። «ወላሂ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም፣ በራችሁ ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም» አሉኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግርማ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይመረመርም» አሉ። ይሄኔ እልህ ያዘኝ። እኛ ሽቦ ለማሰር የምንጠቀምበት፣ አንዴ ከጠበቀ በፒንሳ ካልተቆረጠ የማይከፈት የፕላስቲክ ማሰሪያ አለ፣ እሱን አምጥቼ በዘለበቱ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩበት። ማታውን ቀበቶው እንደተዘጋ መሬት ላይ አገኘሁት፣ ማሰሪያው አልተቆረጠም፣ አልተጫረም። የደራሽን ጭንቅላት በዚያ ቀበቶ ውስጥ ለማሳለፍ ሞከርኩ። ግንባሩ ላይ እንኳ አልደረሰም።

በስድስተኛው ቀን ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማድ ቤት ገብቼ በኋላ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት እያየሁ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፣ ከቆርቆሮው ጠብታ ይወርዳል፣ እንደ ልብ ይታያል፣ ገና አልመሸም። ደራሽ እግሮቹ ላይ አገጩን አስቀምጦ ተኝቷል። መጀመሪያ የሰማሁት ምላስ ከላንቃ ጋር ሲመታ ነው፣ ቡችላ ሲጠራ እንደምናደርገው፣ ቀስ ተብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ከአጥር ውጭ ነው እንዳልል እዚያው ነው፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ አይርቅም። ደራሽ ተነሳ፣ ራሱን አራገፈ፣ ቁጭ አለ፣ ከዚያ አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ፣ ልክ ሕፃን ልጅ የሸሚዝ ቁልፍ ሲቆለፍለት አንገቱን እንደሚሰጠው። ሰንሰለቱ ረገበ። ቀበቶው ጭቃው ላይ ጠብ ሲል ሰማሁት። ዓይኔን አልነቀልኩም፣ በልጆቼ እምላለሁ አልነቀልኩም፣ ግን እንዴት እንደወጣ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ወደ ግቢው መሃል መሄድ ጀመረ፣ እኔም ወደ ማድ ቤቱ ደጃፍ ወጥቼ በዓይኔ ተከተልኩት። ቡችላ እንደሚሄደው አይደለም፣ ቀስ ብሎ፣ ከአንድ ሰው ጉልበት ሥር እንደሚሄድ ሆኖ፣ በየእርምጃው ወደ ቀኝ ቀና እያለ። የሚያየው ባዶ ቦታ ነው፣ ግን የሚያየው ሁልጊዜ አንድ ከፍታ ላይ ነው፣ የሰው ፊት የሚሆንበት ከፍታ ላይ። እማዬ የወደቀችበት ቦይ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዞሮ በአግድም ተጋረጠ፣ ጠበቀ፣ ተመለሰ። እንደገና። እንደገና። በአራተኛው ሳይቆም ዘሎ አለፈው፣ ወዲያው ጆሮው ወደቀ፣ ጅራቱን እግሩ መሃል ከተተ፣ እንደተቆጡት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለሰ። ደገመው። ቦዩ ጋ ቆመ። ተጋረጠ። ያኔ ጅራቱ እንደ ጉድ ተወዛወዘ፣ እና እናንተዬ፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ፀጉር ከግንባሩ ወደ ማጅራቱ ቀስ ብሎ ተኛ፣ መዳፍ ሲያልፍበት እንደሚተኛው።

«ማነው?» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። ደራሽ ዞር ብሎ አየኝ፣ ትምህርት መሃል ሳያንኳኳ የገባ ሰው እንደሚታየው ነው ያየኝ፣ ሌላ ማንም የለም።

ጩኸቴን ሰምታ እማዬ በረንዳ ላይ ወጣች። «ምን ሆንክ ልጄ?» ስትል ደራሽ ወደ እሷ ሄዶ ግራ ጉልበቷ ሥር ቆመ። እጇን ጀርባው ላይ አደረገች፣ ሁለቱ መሄድ ጀመሩ። ደረጃው ጋ ቆመ፣ በእግሯ ፈልጋ ወረደች። ቦዩ ጋ ተጋረጠ፣ እሷም ቆማ በያዘችው ዱላ ቦዩ ላይ የተጋደመችውን የጣውላ ድልድይ አገኘች፣ ተሻገሩ። እናቴን ግድግዳ ሳትይዝ፣ ደረቷን ነፍታ ግቢዋ መሃል ስትሄድ ካየኋት ሁለት ዓመት አልፏል። እዚያው ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ፈርቼ ይሁን ደስ ብሎኝ እስካሁን አላውቅም።

ያን ምሽት ሰንሰለቱን ከምሰሶው ቆርጬ አነሳሁት። ራት እየበላን እንደምንም ብዬ «እማዬ፣ ደራሽን የሚያስተምረው... አባዬ ይሆን እንዴ?» አልኳት።

ሳቋን ለቀቀችው፣ እንባዋ እስኪመጣ። «አባትህ? አባትህማ ውሻ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር!»

«ታዲያ ማነው?»

«እኔ ምን አይቼ?» አለችና ጉርሻዋን ለደራሽ ሰጠችው።

ማህሌት በቀጠሮዋ መጣች። አንገቱን መርምራ «ጎበዝ፣ አላሰሩትም» ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከማድ ቤቱ ሆኜ ያየሁትን ብቻ አስቀርቼ። ተቆጣችኝ፣ ተገቢ ነው። ከዚያ ደራሽ እማዬን ይዞ ግቢውን ሲዞር አይታ ፈዛ ቀረች። «ይሄን እኮ የሚያሰለጥን ሰው አገራችን ውስጥ አላውቅም» አለች። «አዋቂ ውሻ እንኳ ወራት ይፈጅበታል። ማን አስተማረው?» እኔ በተከፈተው በር በኩል ሱቃቸው ውስጥ ያሉትን ጋሽ ሸምሱን አየሁ፣ ጋሽ ሸምሱ ሚዛናቸውን አዩ።

መስቀል አለፈ፣ እማዬ ቤቷ ቀረች። ተሸንፌ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደራሽም አደገ፣ ሌባ አይደለም እኔ ራሴ ስገባ ካላሸተተኝ አያሳልፈኝም፣ እማዬ ስታወራለት ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ያዳምጣታል፣ ልጆቼ ጀርባው ላይ ተኝተው ካርቱን ያያሉ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን አሁንም ከማድ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ቁጭ ይላል፣ አገጩን ቀና አድርጎ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ያለፈው ወር አንድ እሁድ እማዬ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባለችበት ደራሽን አየሁት። ከመኝታ ክፍሏ በር ይነሳል፣ በረንዳውን ይወርዳል፣ ቦዩን ያልፋል፣ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አይታጠፍም። ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ በር ይሄዳል። እዚያ ቁጭ ብሎ ወደ ቀኝ ቀና ይላል፣ ተመልሶ ከመኝታ ክፍሏ እንደገና ይጀምራል። እማዬ እኮ ከግቢ ከወጣች ዓመት ሊሞላት ነው።

ስትነሳ «አሁን ደግሞ ምን እየተማረ ነው?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

«መንገድ ነዋ» አለች።

«የት የሚወስድ መንገድ?»

እጇን ሰደደች፣ ደራሽ ከየት መጣ ሳይባል ጭንቅላቱን መዳፏ ውስጥ አስገባ። «አትቸኩል» አለች፣ እኔን ይሁን ያን የማላየውን ሰው እንጃ። «ገና ልጅ ነው፣ አልቻለውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ቤቴ አልሄድም፣ በየቀኑ እሷ ጋ ነኝ። ባለቤቴ ምን ሆንክ ትለኛለች፣ እናቴ ናፍቃኝ ነው እላታለሁ፣ ውሸትም አይደለም። በረንዳ ላይ ከእማዬ ጎን ተቀምጬ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ምኑም እያወራኋት፣ ዓይኔ ግን ደራሽ ላይ ነው። በሩ ጋ ሳይደርስ ሲታጠፍ፣ ተሳስቶ ጆሮውን ሲጥል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እማዬን ይዟት የሚሄድበት ቀን ራቀልኝ ብዬ ደስ ይለኛል፣ ተነስቼ አቅፌ እስመዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ይሳሳት ነበር። ትናንት አንዴ ብቻ ነው የተሳሳተው።